የሩብ ትኬት ነገር



ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ዘንድሮስ ልጆቹን ይዘን ዘመድ ጥየቃ እንሄድ ይሆን?» የሚል ነው። ዘመዱ ገጠር ያለ በቅሎ ወይም አውቶቡስ ያስባል። ዘመዱ ባሕር ማዶ ያለ ግን የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ይጠይቅና ዝም ይላል። እኛ በደብረ ማርቆስ ከተማ በመምህርነት የምንተዳደር ባልና ሚስት ነን፤ ለዓመታት ጠይቀው ዝም ካሉት ወገን ነበርን። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ግን አላህ ፈቅዶ ከእናታችንና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ጅዳ ደርሰን፣ ዑምራ አድርገን ተመለስን።

ከተመለስን ወዲህ «በመምህር ደመወዝ እንዴት ቻላችሁት?» የሚሉን ብዙዎች ናቸው። ስንመልስም ስለ ቀኑ፣ ስለ ምንዛሪው፣ ስለ ሻንጣው እንናገራለን። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እንዘል ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልንዘለው አልፈለግንም።

እህታችን ጅዳ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት ነበር። እናታችን ድምጿን በስልክ ይሰማሉ፤ ፎቶግራፏን ከትራሳቸው ሥር ያኖራሉ። የሚመኙት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይናቸው ሳይደክም ካዕባን ማየትና ልጃቸውን ማቀፍ። ሁለቱ ምኞቶች ደግሞ በአንድ መንገድ የሚገኙ ነበሩና ጉዳዩ የቤታችን ሁሉ ጉዳይ ሆነ።

የመጓጓዣ ዋጋ ማስላት በእኛ ዘመን የመጣ ጭንቀት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ትልቅ የነበረው የባሶ ገበያ የሙስሊም ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር። ከዓባይ ማዶ የመጣውን ቡናና የዝሆን ጥርስ እየገዙ፣ ጎንደርን አልፈው እስከ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። ምጽዋ የደረሰ ሰው ጅዳን በባሕር ያገኛታል። ወራት የሚወስድ መንገድ ነው፤ ቀረጡ፣ የበቅሎው ቀለብ፣ የጀልባው ክፍያ ሁሉ ይታሰባል።

ወደ ኋላ ርቀን ብንሄድም ያው ነው። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ከመካ ወደ ሐበሻ ሲሸሹ፣ ከጅዳ በስተደቡብ ባለችው በሹዐይባ ወደብ ሁለት የንግድ መርከቦች አግኝተው ግማሽ ዲናር ከፍለው እንደተሳፈሩ የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ያ ሁሉ መከራ እየተከተላቸው እንኳ የመርከቡን ዋጋ ከፍለው ነው የተሻገሩት። ይህችን ግማሽ ዲናር በልጅነታችን በመድረሳ ስንማር እንደ ተራ ነገር አልፈናት ነበር። በኋላ ግን ትዝ አለችን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር ከወለድ ነፃ በሆነው ሂሳባችን ያጠራቀምነው ገንዘብ ለሦስት ሰው ትኬት ይበቃ ነበር። ሰዎች «ቆዩ፣ ዋጋው ይወርዳል» ሲሉን ቆየን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዕለት 74 ብር አለፈ፤ ነሐሴ ሳያልቅ 100 ብር ተሻገረ።

የውጭ አገር በረራ ዋጋ መነሻው ዶላር ነው። 400 ዶላር የሚባል የደርሶ መልስ ትኬት ለምሳሌ ብንወስድ፣ በ57 ብር ሲመታ 22,800 ብር ይሆናል። በ100 ብር ሲመታ 40,000 ብር ነው። በ2017 ክረምት ዶላሩ 130 ብር አልፎ ስለነበር ያው ትኬት ከ52,000 ብር በላይ ሆነ። ትኬቱ በዶላር ሳይጨምር በእኛ ኪስ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ለሦስት ሰው የተጠራቀመው ገንዘብ ለአንድ ሰው ተኩል እንኳ የማይበቃ ሆኖ ቀረ። እናታችን ሲሰሙ «ኸይር ነው፤ ያልተጻፈ አይደረስም» አሉና ተስቢሓቸውን አነሱ። እኛ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

በዓመቱ ለዐረፋ ገበያ ሁለት በሬ አደለብን። ቅዳሜና እሑድ የጥናት ክፍል አስተማርን። እህታችን የእናታችንን ትኬት እኔ እችላለሁ አለች፤ ማረፊያውም እሷው ዘንድ ነበር።

ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ

ገንዘቡን እያጠራቀምን የትኬትን ነገር እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አጠናነው። የተማርነውን ለአንባብያን እናካፍል።

አንደኛ፣ ክረምት ለሁሉም መንገድ ውድ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ወገን ብዙ ስለሆነ በዚያ መስመር ዋጋው ይሰቀላል። በሳውዲ ዓረቢያ ትምህርት ቤቶች በሰኔ አጋማሽ ገደማ ተዘግተው በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ይከፈታሉ። ስለዚህ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ሰው የሚበዛው ከጅዳ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው አውሮፕላን ነው፤ በነሐሴ ደግሞ ወደዚያ በሚመለሰው። እኛ ሰው ሲመጣ የምንሄድ፣ ሰው ሲመለስ የምንመጣ ነን። ወንዙ ወደሚፈስበት ሳይሆን ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ቦታ አያጣም። ዑምራም ቢሆን ዋጋው የሚሰቀለው በረመዳን ነው። የ2017ቱ ዐረፋ ግንቦት 29 ቀን ውሎ፣ ሐጅ አብቅቶ የዑምራ ቪዛ በሰኔ መጀመሪያ ተከፍቶ ነበር።

ሁለተኛ፣ በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። አየር መንገዶች ወንበሩን በዋጋ እርከን ይከፋፍሉታል፤ ርካሹ እርከን ጥቂት ወንበር ስላለው ቀድሞ ያልቃል። ለአምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ በርካሹ እርከን የቀረው ሦስት ወንበር ብቻ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አምስቱም በላይኛው እርከን ይታሰባሉ። ስለዚህ ለሦስትና ለሁለት ከፍሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ሕፃናቱ ግን ከአዋቂ ጋር በአንድ መዝገብ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ ከሁለት ሰዓት ብዙም የማይዘል በረራ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሳውዲያም ይሄዳሉ። ሌላ አገር አድሮ የሚሄድ ትኬት አንዳንዴ ይረክሳል። ሆኖም ከአሮጊትና ከሕፃን ጋር በሰው አገር አየር ማረፊያ ወለል ላይ ማደር ዋጋው በሌላ መልክ ይከፈላል።

አራተኛ፣ በጣም ርካሹ ትኬት ቀኑ የማይቀየር፣ ገንዘቡም የማይመለስ ነው። ከቦሌ አጠገብ ለሚኖር ይህ ጥሩ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ግን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀንን አልፎ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ጎሃ ጽዮን መውጣት አለ። በ2015 መጨረሻ ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን አይታወቅም ነበር። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ የማይቀየር ትኬት ርካሽ አይባልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቃቸውን ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት ከዚያም እንዲመካ ነገሩት። እኛም ጥቂት ጨምረን ቀኑ የሚቀየረውን መረጥን፤ ከበረራውም አራት ቀን አስቀድመን ለመውጣት ተስማማን።

አምስተኛ፣ ገንዘብ ከፍሎ የተቀበሉት ወረቀት ትኬት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ቦታ መያዣው ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ምልክት ብቻ ነው፤ ካልተከፈለበት በቀነ ገደቡ ይሰረዛል። እውነተኛው ትኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ071፣ ሳውዲያ በ065 ይጀምራል። ቪዛ ሳይወጣ ገንዘብ አለመክፈል፣ ሻንጣው ከዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑንና ዘምዘም ማምጣት መቻል አለመቻሉን አስቀድሞ መጠየቅም ከብዙ ጸጸት ያድናል።

የምንዘለው ነገር

ስድስተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የአዋቂውን አንድ አሥረኛ ያህል ይከፍላል። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራተኛውን ይከፍላል። በጉዞው መነሻ ቀን አሥራ ሁለት የሞላው ግን እንደ ሙሉ ሰው ነው።

ትንሿ ልጃችን ገና ሁለት አልሞላትም፤ መካከለኛዋ ስምንት ነች። የበኩር ልጃችን የተወለደው ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። እኛ ደግሞ በፈተና ሥራ ምክንያት ከሐምሌ አጋማሽ በፊት መንቀሳቀስ አንችልም። ለበረራ የመረጥነው ረቡዕ ሐምሌ 23 ቀን ነበር። በአሥራ ስምንት ቀን አለፈን ማለት ነው።

በሚያዝያ ወር በሰው በሰው ያገኘነው አንድ የትኬት ደላላ የሁላችንን ዕድሜ በስልክ ጠየቀን። ስንነግረው ሳቀ። «መምህር፣ ይህን ያህል ዘመን አስተምራችሁ ይህችን አታውቋትም? የልደት ወረቀቱ ገና አልወጣም አይደል? 2006 ብላችሁ አስጽፉት። ማን ይቆጥራል!»

እውነትም ወረቀቱ አልወጣም ነበር። ልጃችን የተወለደው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ለፓስፖርቱ የሚሆነው ማስረጃ የሚጻፈው ወላጅ በሚናገረው ቃል ነው። ሒሳቡን አሰላነው። በዚያው በ400 ዶላር ምሳሌ ሩቡ 100 ዶላር፣ ማለትም 13,000 ብር ነው። ከአንዳችን የወር ደመወዝ ይበልጣል። በጀታችን የጎደለውም ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ወዲያው «አይሆንም» አልን ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። አላልንም። «አየር መንገዱ አይከስርም» አልን። «ለዑምራ ነው፤ ለመጥፎ ነገር አይደለም» አልን። «ስንቱ ያደርገዋል» አልን። ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቅጹን በራሳችን እጅ ሞላነው። 2006 ብለን ጻፍን። በክፍል ውስጥ ፈተና የኮረጀ ተማሪ ስንቀጣ በኖርንበት እጅ ነው የጻፍነው።

በማግስቱ ልጁን ይዘን ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ወረፋ እየጠበቅን ሳለ ቅጹን ከእጃችን ተቀብሎ ያነበው ጀመር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ማንበብ ያስተማርነውም እኛው ነን።

«ስሕተት አለው፤ እኔ 2005 ነኝ» አለ።

«ዝም በል፣ በኋላ እንነግርሃለን» አልነው።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ረመዳንን ሙሉውን ስጾም ትልቅ ሰው ሆነሃል አላችሁኝ። ለትኬት ሲሆን ትንሽ ልጅ ልሁን?» አለን።

ከፊታችን የተሰለፉት ሰዎች ዞረው አዩን። ልጁ አልተቆጣም፤ አልቀለደምም። ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀው። ያን ዓመት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የጾመው የመጀመሪያው ረመዳኑ ነበር። አፍጥሮ ሲጨርስ በአዋቂዎች መካከል እንዲቀመጥ ቦታ የለቀቅንለት እኛ ነን።

ወረፋችን ሲደርስ ባዶ ቅጽ እንዲሰጡን ጠየቅን። በዚያው መስኮት ላይ 2005 ብለን ሞላን። የቀድሞውን ቀደን ኪሳችን ውስጥ ከተትነው።

በመንገድ ላይ በመድረሳ የተማርነው አንድ ሐዲስ ትዝ አለን። አንዲት እናት ልጇን «ና፣ የምሰጥህ አለ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሟት። ምን ልትሰጪው አስበሽ ነበር ብለው ጠየቋት፤ ተምር መሆኑን ነገረቻቸው። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ለአንዲት ፍሬ ተምር እንዲህ ከተባለ፣ ለአንድ ዓመት ዕድሜ ምን ይባላል? ደግሞም ይህ ውሸት በልጁ ፊት የተነገረ ብቻ አይደለም። ፓስፖርቱን በያዘ ቁጥር፣ ትምህርት ቤት በተመዘገበ ቁጥር፣ ሥራ በጠየቀ ቁጥር ራሱ እንዲደግመው የሚገደድበት ነው። ሩብ ትኬት ለማትረፍ ዕድሜ ልክ የሚሸከመውን ልናስታቅፈው ነበር።

ቤት ገብተን ለእናታችን ሁሉንም ተናዘዝን። ብዙ አልተቆጡም። «ይህ ልጅ ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጁምዓ ዕለት የተወለደ ነው። በእስላሙ አቆጣጠርማ በጾሙ ውስጥ አሥራ ሁለት ሞልቶታል። ማንን ልታታልሉ ነው?» አሉ። ቆየት ብለውም «ገንዘቡ ካልበቃ እኔ ልቅርና የእኔ ለእሱ ይሁን። ልጄንም በስልክ እሰማታለሁ» አሉ።

ከቅጹ ይልቅ ይህ ቃል ነው ያስለቀሰን።

የእቁቡ ዕጣ

ባለቤት የሰፈሩ ሴቶች እቁብ አባል ነበረች። በሰኔ ወር አንድ እሑድ ዕጣው ሲወጣ ለእኛ ሳይሆን ለጎረቤታችን ለአንዲት ክርስቲያን እናት ወጣ። ቡና ላይ ሳለን የገንዘቡ ጉድለት በጨዋታ መሀል ተነሳ፤ እርዳታ ለመጠየቅ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች።

«እኔ ለጣሪያዬ ነበር የፈለግሁት። አሁን ክረምቱ ገብቷል፤ ጣሪያ እስከ መስከረም አይነካም። እማማ ልጃቸውን ይዩ፤ የእናንተ ዕጣ ሲወጣ ትሰጡኛላችሁ» አለች።

ወለድ የለው፣ ምስክር የለው። በመስከረም የእኛ ዕጣ ሲወጣ መለስንላት፤ ጣሪያዋም ተሠራ። ከጅዳ ያመጣንላትን ሻርፕ ስትቀበል ግን «ይህማ ወለድ ነው» ብላ አሳቀችን።

ቪዛው ወጣ። ትኬቱን ሦስትና ሁለት አድርገን፣ በሳምንቱ መካከል፣ ቀኑ የሚቀየረውን ገዛን። ሐምሌ 19 ቀን ጠዋት በዝናብ ከማርቆስ ተነሳን። በመንገድ ላይ አንድ ቀን ተኩል ተጉላላን፤ አራት ቀን ማስቀደማችን እዚያ ላይ ጠቀመን። ብርድ ለምደው የኖሩት ልጆች ሹራባቸውን እንደለበሱ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ በላብ ተጠመቁ። እናታችን «ጅዳ ከዚህ ይብሳል ይላሉ» እያሉ አንድ በአንድ አስወለቋቸው።

ቦሌ ላይ ፓስፖርታችንን የተቀበለችው ሠራተኛ የልጁን ገልጣ አየችና ወደ እሱ ቀና አለች። «ስንት ዓመትህ ነው?» አለችው፤ ለጨዋታ ያህል ይመስለናል።

እኛን ሳይመለከት «አሥራ ሁለት ዓመት ከአሥራ ስምንት ቀን» አላት።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ርካሽ ትኬት መፈለግ ነውር አይደለም። ገንዘብ አማና ነው፤ ያለ አግባብ አለመበተንም ዲን ነው። ቀን መርጣችሁ፣ ሰው የማይበዛበትን አቅጣጫ አይታችሁ፣ ቁጥሩን አረጋግጣችሁ፣ ደርበው ከሚጠይቁ ነጣጥላችሁ ግዙ። የልጃችሁን ዕድሜ ግን ከሒሳቡ ውስጥ አታስገቡ። እሱ የእናንተ ገንዘብ አይደለም።

ጅዳ ላይ እህታችን እናቷን ስታቅፍ ያየነውን አንጽፈውም፤ የእነሱ ነው። አላህ የተለያዩትን ያገናኝ፤ የናፈቁትን ቤቱን ያሳያቸው፤ የእኛንም ጉድለት ይቅር ይበለን። አሚን።